የታምላ ግራ ጉልበት

የቡጢ አሠልጣኙ ሳያ፣ ማለትም መምህር፣ ባ ሊን የፊት ጥርሳቸውን ስላጡበት ቀን በመንደሩ የሚወራው ሁለት ዓይነት ነበር።

አንደኛው የራሳቸው የባ ሊን ነው። «ይህን ሰውዬ ሽርጥ መታጠቅ ሳያውቅ ጀምሬ ያሳደግሁት እኔ ነኝ» ይላሉ። «ቅልጥሙ እስኪደነዝዝ በጠርሙስ ያሸሁት እኔ፤ ቅንድቡ በተተረተረ ቁጥር የሰፋሁት እኔ። የልጅ ልጄ የምንኩስና ድግስ ላይ፣ መነኮሳቱ ባሉበት፣ ከእኔ የሚበልጡ ሽማግሌዎች ምንጣፍ ላይ እግራቸውን አጥፈው በተቀመጡበት፣ እሱ ወንበር አስመጥቶ ከራሴ በላይ ጉብ አለ። ውረድ ስለው ሐኪም ከልክሎኛል አለኝ። ወንበሩን በእግሬ ነካ ባደርገው ብድግ ብሎ በክርኑ አፌን አለኝ። ክርን እንዴት እንደሚሰነዘር ያስተማርኩት ደግሞ እኔው ነኝ።»

ሁለተኛው የተማሪያቸው የሶ ታምላ ነው። «ከሁሉም ኋላ፣ ግድግዳ ሥር ነበርኩ። ጉልበቴ እንደማይታጠፍ ሳያው ያውቃሉ። ከጓሮ የፕላስቲክ ወንበር ይዤ የመጣሁት ራሴ ነኝ፤ ማንንም አላዘዝኩም። መጥተው የወንበሩን እግር ረገጡት። ነካ አላደረጉትም፤ ረገጡት። ወደቅሁ። የሚወድቅ ሰው እጁ የት እንደሚሄድ ያውቃል? ክርኔ አፋቸው ላይ ያረፈው እየወደቅሁ ነው።»

በቦታው የነበሩት ሰዎች ዓይናቸው የዓሣ ወጡ ላይ ነበር። መነኮሳቱ በሥርዓታቸው ዓይናቸውን ወደ መሬት ሰብረዋል። ስለዚህ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ መስክር ቢባል የሚደፍር አልተገኘም። ማንም ያልተከራከረበት ነገር ግን ነበር፦ ጥርሱ ምንጣፉ ላይ ተገኝቷል፤ የታምላ ግራ ጉልበት በዚያው ከሰዓት እንደ ኮኮነት አብጧል፤ ሳያ ባ ሊንም ብዙ ሳይቆዩ ከወንዙ ማዶ ናይ ሮት የሚባለውን የሞን ጎሳ ጎረምሳ ማሠልጠን ጀምረዋል። ናይ ሮት ከታምላ በቀር ሌላ ሰው እንዲመታ አልነበረም የሚሠለጥነው።

ጎረምሳው አንድ ረፋድ ታምላ የጎማ ዛፍ ወተቱን ወደሚያስጨምቅበት መጭመቂያ መጣ። ሰው ሁሉ እያየ ግራ ክንዱን ደረቱ ላይ አጠፈና በቀኝ መዳፉ ጧ፣ ጧ፣ ጧ አደረገው። በዚያ አገር እንዲህ ተደርጎ ለፍልሚያ የተጠራ ወንድ ሁለት ምርጫ ነው ያለው፤ ክንዱን መትቶ ይመልሳል፣ ወይም ዘወር ይላል።

«ባለ ወንበሩ!» አለ ናይ ሮት። «ሳያው ሰላም ብለውሃል። ለበዓሉ የቡጢ መድረክ ላይ ወንበር እናዘጋጅልህ ወይስ ቆመህ ትመታለህ?»

ታምላ ባልዲዎቹን አስቀምጦ ክንዱን መታ። ከመታው በኋላ ነው ያሰበው።

ቤት ሲገባ ሚስቱ ናው ፖ ዋ ወሬው ቀድሞ ደርሷት ደረጃው ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«የትኛው እጅህ ነው የመታው?» አለችው።

«ምን ያደርግልሻል?»

«እሱን ልቆርጠው ነዋ። እግርህን ለማዳን ይህን ያህል ወር ስለፋ፣ ለካ ያበደው እጅህ ኖሯል!»

እውነቷን ነው፤ ለፍታለች። ከተማው ሆስፒታል ያለችው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ፣ ማ ኢንዚን፣ ጉልበቱን አገላብጣ ካየች በኋላ የነገረቻቸው ነገር አጭር ነበር። የጉልበቱ ሎሚ ሥር ያለው ልስልስ አጥንት ተበልቷል፤ ወደ ቀድሞው አይመለስም። በዙሪያው ያለው ጡንቻ ከጠነከረ ግን ሸክሙን ይጋራዋል፤ ታምላም እስኪያረጅ የጎማ ዛፉን ለወተቱ እየቀደደ ይኖራል። «ውስጡ ሌላ አንድ ጊዜ ከተቀደደ ግን» አለች፣ «አርባ ሳይሞላህ ከዘራ ይዘህ ነው የማገኝህ። የጎማ ዛፍ ደግሞ በከዘራ አይቀደድም።»

ከዚያ ወዲህ ታምላ ጠዋት ምንጣፉ ላይ በጀርባው እንደተኛ ግራ እግሩን ቀጥ አድርጎ ያነሣና ጭኑ እስኪንቀጠቀጥ አየር ላይ ያቆየዋል። ጀርባውን የቤቱ ምሰሶ ላይ ለጥፎ፣ የማይታይ ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ ሰው ወደ ታች ይንሸራተታል፤ ብዙ አይወርድም። ከእውነተኛው ወንበር እጁን ሳያስደግፍ ይነሣል፣ እንደ ሽማግሌ ቀስ ብሎ ይቀመጣል። ደረጃ ሲወጣ ደህናውን እግር ያስቀድማል፣ ሲወርድ ታማሚውን። የጎማ ወተቱን በአንድ ትልቅ ባልዲ ከመሸከም በሁለት ትንንሽ መያዝ ጀመረ። ዝቅ ብለው የሚቀደዱትን ዛፎች ለሚስቱ ወንድም ለሌ ቶ ሰጥቶ ቁጢጥ ማለት ተወ። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ላይ ሳይቀር ከሣንቃ መቀመጫ ሠራ። ጎረቤቱ ሁሉ «ንጉሡ ዙፋናቸው ላይ ናቸው፣ ቆይታችሁ ኑ» እያለ ሳቀ። ሌ ቶም በየጠዋቱ ብቅ እያለ «ዛሬስ እመት ጉልበት እንዴት አደሩ? ዘንድሮ ይወልዳሉ?» ይል ነበር።

ፖ ዋ ግን አልሳቀችም። አንድ ጠዋት እንኳ እንዲሰንፍ አልፈቀደችለትም። ህመሙ ሌሊቱን አልፎ እስከ ማግሥቱ ከቆየ ትላንት አብዝቷል ማለት ነውና ትቀንስበታለች፤ ቀለል ካለው ትጨምርበታለች። የጉልበቱ እብጠት ቀስ በቀስ ጎደለ። አሁን ያ ሁሉ ለአንድ ከሰዓት ሊሰጥ ነው።

«ካልሄድኩ ሳያውን መታ ተብዬ ቀረሁ ማለት ነው» አላት።

«ብታሸንፍስ? አልመታም ሊሉህ ነው?»



የበዓሉ መድረክ የተተከለው ከገደሉ ሥር፣ ሩዝ በታጨደበት ሜዳ ላይ ነው። ከበሮና ጥሩንባ ከጠዋት ጀምሮ አላረፈም። ሴት መድረኩን መንካቷ ነውር ስለሆነ ፖ ዋ ከሕዝቡ ጋር ከገመዱ ወዲያ ቆማለች። የታምላ ጥግ ላይ ሌ ቶ ብቻ ነበር፤ በማዶው ጥግ ሳያ ባ ሊን አሮጌ ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ቆመዋል። ታምላ መድረክ ላይ ሆኖ እኚህን ሰው ከፊት ለፊት አይቷቸው አያውቅም፤ ሁልጊዜ ከኋላው ነበሩ።

በዚያ አገር ቡጢ ጓንት የለም፣ ነጥብም የለም። እጅ ላይ ፋሻ ይጠቀለላል፤ ቡጢ፣ እርግጫ፣ ክርን፣ ጉልበት፣ ቴስታ ሁሉ ይፈቀዳል። አምስት ዙር ነው። ወይ ትጥላለህ፣ ወይ ትወድቃለህ፣ ሁለታችሁም ከቆማችሁ እኩል ናችሁ።

ከበሮው ተመታ።

የናይ ሮት የመጀመሪያ እርግጫ የት እንደሚያርፍ ታምላ ሳይነሣ አውቆታል። ቅልጥሙ የግራ ጉልበቱን ጎን እንደ ዱላ ጠበጠበው። ሕመሙ እስከ ብሽሽቱ ወጣ። «ግራውን!» አሉ ባ ሊን። «ግንዱን ተውና ሥሩን! ግራውን!» ሁለተኛው እዚያው አረፈ። ሦስተኛው እዚያው። ሕዝቡ በእያንዳንዱ ምት «ዌይ!» ይላል። ጉልበቱ ግን አልታጠፈም። ባ ሊን የሚያውቁት የድሮውን ጉልበት ነው፤ በጠርሙስ ታሽቶ፣ በጎረምሶች ተረግጦ፣ ቁጢጥ ብሎ ሲነሣ ቀጭ የሚለውን። በላዩ የተጠቀለለውን አዲስ ጭን አያውቁትም። በአራተኛው እርግጫ ታምላ እግሩን ትንሽ አዞረና ምቱን በጭኑ ሥጋ ተቀበለ። ወዲያው ቀኝ ቡጢውን ናይ ሮት አፍንጫ ላይ አሳረፈ። ቀጭ ሲል ሰማው። የጎረምሳው ደም ፋሻው ላይ ሞቅ ብሎ ፈሰሰ።

«ወንበር ስጡት!» ብሎ ጮኸ አንድ ሰው ከሕዝቡ መሐል። «ደክሞታል!»

«ወንበሩን እናትህ ትቀመጥበት!» ብሎ መለሰ ሌ ቶ።

በሁለተኛው ዙር ተናነቁ። ናይ ሮት አንገቱን ይዞ በጉልበቱ ጎኑን ይፈጨው ጀመር፤ አንድ የጎን አጥንት ሲላቀቅ ታምላ ትንፋሹ ተቆረጠ። ግንባሩን ወደ ኋላ ወስዶ ቴስታ ለቀቀበት። የጎረምሳው ቅንድብ ተከፍሎ ነጭ ነገር ታየ፤ ከዚያ ቀይ ሞላው። ናይ ሮት ግን አልደነገጠም። ደሙን እየላሰ ሳቀና ያንኑ ቴስታ መለሰለት። ሁለቱም ተንገዳገዱ። ታምላ አፉ ውስጥ የጨው ጣዕም ሲሞላ አንድ የቆየ ደስታ ከሆዱ ሲነሣ ተሰማው። በየጠዋቱ እግሩን ቀስ ብሎ ሲያነሣ፣ ቀስ ብሎ ሲያወርድ፣ ይህ ደስታ የሞተ መስሎት ነበር። አልሞተም፤ ተኝቶ ነው የከረመው።

ጥግ ሲመለስ ሌ ቶ ጎኑን ነካካው።

«እመት ጉልበትስ?»

«አሉ።»

«ጎንህ ተሰብሯል መሰለኝ።»

«ጎኔን ተወው። በጎኔ አልሄድም።»

ሦስተኛው ዙር ላይ ባ ሊን ነገሩ ገባቸው። «ፊት ለፊት አትምታው!» አሉ። «ወደ ኋላ ግፋው! ወደ ኋላ ሲረግጥ ጠብቀው!»  ሰውየው ከመድረኩ ማዶ ሆነው እንኳ ገላውን እንደ እጃቸው መዳፍ ያነቡታል። ናይ ሮት በቡጢ እያዋከበ ገፋው። ታምላ ወደ ኋላ ሄደ፤ ግራ እግሩን ከኋላው አሳረፈ፤ ክብደቱ ሁሉ እዚያ ላይ ሲወርድ ጠረባው መጣ። ጉልበቱ ውስጥ አንድ ነገር ተንሸራተተ። ሕመም እንኳ አልነበረም፤ መሬቱ ከሥሩ የጠፋ መሰለው። በጀርባው ወደቀ። ናይ ሮት ዳኛው ከመግባቱ በፊት ፊቱን አንድ ጊዜ በተረከዙ ረገጠው።

ፖ ዋ ስትጮህ ሰማት። ዳኛው መቁጠር ጀመረ። ማ ኢንዚን የነገረችው ትዝ አለው፦ ማመምና መክዳት የተለያዩ ናቸው፤ ሲያምህ ትቀንሳለህ፣ ሲከዳህ ግን ታቆማለህ። ይህ የመክዳቱ ነው። ጉልበቱ ከድቶታል።

«እረፍት ልጠይቅ!» አለ ሌ ቶ። የወደቀ ሰው ጥጉ ከጠየቀለት አንድ ጊዜ ወጥቶ ታሽቶ መመለስ ይፈቀድለታል።

«አትጠይቅ!» አለ ታምላ።

ገመዱን ይዞ በቀኝ እግሩ ተነሣ፤ ግራውን አስከትሎ ጎተተው። ከዚያ ወዲያ የሆነውን እሱም በቅጡ አያስታውስም። ከኋላ ገመዱ ነበር፣ ወደ ኋላ መርገጥ አያስፈልግም፤ ይህን ያስታውሳል። ናይ ሮት ሊጨርሰው ሮጦ ገባ። ታምላ ቡጢውን አሳለፈና ክርኑን በአጭሩ፣ ከሥር ወደ ላይ፣ መንጋጋው ላይ ሰካለት። ሌላ ጨመረለት። ጎረምሳው ሲወድቅ በሦስተኛው ክርን ጆሮ ግንዱን አገኘው። ናይ ሮት እጁን እንኳ ሳይዘረጋ በፊቱ ተደፋ። ጥርሱ ጣውላው ላይ ሲያርፍ ድምፁ ከከበሮው በላይ ተሰማ።

ሕዝቡ አበደ። ሌ ቶ ባልዲውን በጭንቅላቱ ላይ ደፍቶ ጨፈረ።

ባ ሊን ግን እጃቸውን አነሡ። «እረፍት!» አሉ።

ልጁን በብብቱ ይዘው ጎተቱት። ቀዝቃዛ ውኃ አፈሰሱበት። በጥፊ መቱት። ጆሮውን ነከሱት። በወገቡ አንሥተው ናጡት። ታምላ ይህን ሁሉ በራሱ ገላ ላይ ያውቀዋል፤ ጆሮው ላይ የእኚሁ ሰው ጥርስ ጠባሳ አለ፤ የዚያ የጎደለው ጥርስ። ናይ ሮት ዓይኑን ገለጠ። ዳኛው «ትችላለህ?» ሲለው ባ ሊን ከኋላ አንገቱን ወደፊት ገፉት፤ ራሱ ተነቀነቀ። ዳኛው እሺታ ነው ብሎ ተቀበለው።

አራተኛው ዙር ድብድብ አልነበረም። ጎረምሳው በደመ ነፍስ ይመታል፤ ታምላ በአንድ እግሩ እየዘለለ ይመታዋል። ፊቱን መታው። የተከፈለውን ቅንድብ መታው። የተሰበረውን አፍንጫ መታው። ፋሻው ከደም ብዛት ከብዶ እንደ እርጥብ ጨርቅ ይጠበጥብ ነበር። ናይ ሮት አይወድቅም፣ አይመልስምም። እያንዳንዱ ቡጢ ሲያርፍ ግን ታምላ የሚያየው ከጎረምሳው ትከሻ በላይ ያሉትን ሽማግሌ ነው። ልጁን ሳይሆን እሳቸውን ነበር የሚመታው። ይህ የገባው ከበሮው ዙሩን ሲዘጋና ክንዱ ገና ሊሰነዘር ተወጥሮ ሲቀር ነው።

ጥጉ ላይ በርጩማ ነበር፤ አልተቀመጠም። ከተቀመጠ እንደማይነሣ ያውቃል። ሌ ቶ በረዶ ጉልበቱ ላይ አደረገለት። ጉልበቱ ከታሰረበት ፋሻ ዳርና ዳር ገንፍሏል። ሊያጥፈው ሞከረ፤ መንገዱ መሐል ላይ ተያዘ።

«አለቀለት!» አለ ሌ ቶ፤ ዓይኑ ፈጦ። «ቆሞ የሞተ ሰው ነው! አንድ ዝላይ፣ አንድ ጉልበት ደረቱ ላይ፣ በቃ! ሽማግሌው በዚህ ሁሉ ሰው ፊት አፈር ይብሉ!»

«በየትኛው እግር ነው የምዘለው?»

«በ...» ሌ ቶ ወደ ታች አየ። በቀኝ ጉልበት ለመምታት በግራ መነሣት ያስፈልጋል። «እሺ፣ አትዝለል። ዝም ብለህ ዙር። ቆመህ ከጨረስክ እኩል ናችሁ። እሱ እንደሆነ አይነካህም።»

ታምላ አሰበው። ዝም ብሎ መዞር ይችላል? ጉልበቱን ጠየቀው፣ ምናልባት አለው። ከዚያ ራሱን ጠየቀ፤ ያኛው መልስ የባሰ ነበር። ያ ሆዱ ውስጥ የተነሣው ነገር እንዲዞር አይፈቅድለትም። ከበሮው ሲመታ ሽማግሌውን ያያል፣ በግራ እግሩ ይነሣል፣ ይዘላል። ጉልበቱም ያልቃል፤ ጎረምሳውም ያልቃል።

በማዶው ጥግ ናይ ሮት አስታወከ። ባ ሊን አፉን በአሮጌ ፎጣቸው ጠረጉለት፣ ጠረጉለትና ጀርባውን መታ መታ አደረጉ፤ ከዚያ ወደ መድረኩ አዞሩት። ጎረምሳው ወደ ታምላ ሳይሆን ወደ ጥሩንባ ነፊዎቹ መሄድ ጀመረ። ባ ሊን በሽርጡ ይዘው መለሱት።

«ና እንጂ!» አሉ ባ ሊን በሜዳው ሁሉ ፊት። «መምህርህን መምታት አያቅትህም! ና፣ ጨርሰኝ!»

«ሳያ፣ ልጁን ያስቀምጡት!» አለ ታምላ።

«አንተ ማን ነህና ነው የምታዘኝ?»

ሕዝቡ ተንጫጫ። ከመሐሉ የፖ ዋ ድምፅ ወጣ፤ ጩኸት አልነበረም፣ ጠዋት ጠዋት ምንጣፉ አጠገብ ቆማ የምትናገረው ያው ደረቅ ድምፅ ነው።

«ታምላ! ትሰማኛለህ? የወደድከውን አድርግ። ግን ከዚያ ላይ ተሸክሜ አላወርድህም!»

ሰው ሳቀ። ታምላም በተሰነጠቀ ከንፈሩ ፈገግ አለ፤ አመመው።

ዳኛው ወደ መሐል ገባና ሁለቱንም ጥጎች አየ። ባ ሊን ጎረምሳውን ከኋላ ደግፈው፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው ይጠብቃሉ። ታምላ ካሸነፈ ሳያውን የመታ አሸናፊ ነው፤ ከተሸነፈ ሳያውን መትቶ የተቀጣ ነው። ይህን ወሬ በቡጢ የሚያጠፋው ሰው እንደሌለ ታምላ አሁን ታየው። የሚያጠፋው ነገር ቢኖር ጉልበቱን ብቻ ነበር።

ከበሮ መቺው ዱላውን አነሣ።

«ግባ እንጂ!» አለ ሌ ቶ ጀርባውን እየገፋ። «ምን ትጠብቃለህ?»

ታምላ ገመዱን በግራ እጁ ያዘ። የቀኝ እጁን ፋሻ ጫፍ በጥርሱ ፈልጎ አገኘውና ጎተተው፤ በደም የራሰው ጨርቅ እየተተረተረ እግሩ ሥር ወደቀ። ዳኛው እጁን አንሥቶ ከበሮ መቺውን አስቆመው። ጥሩንባው ባልጨረሰው ዜማ ላይ ተቋረጠ።

«ምንድን ነው?» አለ ዳኛው። «አመመህ?»

«አላመመኝም» አለ ታምላ፤ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ያለው ሰው እንኳ እንዲሰማ ጮክ ብሎ። «ጉልበት አለኝ፤ እዚህ ግን አልጨርሰውም። አምስተኛውን ዙር አልገባም። የእሱን እጅ አንሣ።»